ከሜዳ ያስቀረኋቸው እትዬ ዘውዴ

ኮሌጅ ሳለ ሯጭ የነበረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ደብረ ማርቆስ ብቅ በሉና እኔን እዩኝ። አንድም ሜዳሊያ የለኝም፤ ድምፄ ግን የአሥር ባለሜዳሊያ ነው። ጠዋት ጠዋት የመንግሥት ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ሜዳ ላይ ሰብስቤ አዘልላለሁ።

ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ እትዬ ዘውዴ። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም ተንቀሳቀሱ ብሏቸው ነው የመጡት። ሌላው ሁለት ዙር ሲጨርስ እሳቸው ግማሹን ሳይጨርሱ ካገኙት ሰው ጋር ጨዋታ ይዘዋል። አንድ ቀን ታዲያ፣ ለዓለም ሻምፒዮና የማዘጋጃቸው ይመስል፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው እንጂ ማኅበር አይደለም!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በማግስቱ ግን ቀሩ።

ወር ሙሉ ጠብቄ ሲያቅተኝ ቤታቸው ሄድኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እባክዎ ይመለሱ" አልኳቸው።

"አልተቀየምኩህም፣ ልጄ" አሉኝ። "ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ ሰው የማገኘው እዚያ ነበር። አሁን ግን ቤት ተቀምጬ ደክሜያለሁ፤ ልምጣ ብልም እግሬ እሺ አይለኝም።"

ብለምናቸውም አልሆነም። እስከ አጥሩ በር ሊሸኙኝ ተነሡ። ያቺን አጭር መንገድ ስንሄድ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ፤ እኔም ከጎናቸው ቆሜ ጠበቅኳቸው።