ስም ያልወጣለት ቁልፍ

ኮምፒውተር መነካካት የሚችል ሰው ሁሉ ትዕቢተኛ ነው! አትቆጡኝ፣ ከራሴ ተነስቼ ነው የምናገረው። መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ እንጀራዬ ነው።

ታዲያ በቅርቡ የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ ሠራሁ። ሠራሁ ስላችሁ... እንደ ሙሽራ ኳልኩት! የሚንሸራተት ሥዕል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ... ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ሁሉ ፎቶ እየተነሳ ተለጠፈበት። ከላይ ደግሞ የኃላፊያችን የአቶ ይመር ትልቅ ፎቶ። «ከእንግዲህ ባለጉዳይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገለገላል!» ተብሎ በጭብጨባ ተመረቀ። የመምህራን የቤት መሥሪያ ቦታ ምዝገባም በድረ ገጹ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ዓርብ ይዘጋል።

ማክሰኞ ጠዋት መምህርት ዘምዘም በነጭ በትራቸው መንገድ እየፈለጉ ቢሮዬ ገቡ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ ያስተምራሉ፤ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም።

«ሰላም ዐለይኩም። ድረ ገጹን የሠራው ማነው?»

ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «እኔ ነኛ!»

«አላህ ይይልህ!»

ደረቴ ተነፈሰ። መምህርት ስልካቸውን አወጡ። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ነው። ጣታቸውን ድረ ገጼ ላይ ሲያንሸራትቱ እንዲህ አለ፦ «ምስል... ምስል... ስም የሌለው ቁልፍ... ስም የሌለው ቁልፍ...»

«ሰማኸው? ማስታወቂያውን ሁሉ ‹ምስል› ብሎ ያልፈዋል። ቁልፎችህ ደግሞ ወልደህ ስም ሳታወጣላቸው የተውካቸው ናቸው። የቱን ልንካ?»

«ይቅርታ መምህርት፣ እኔ...»

«ቆይ አልጨረስኩም! እንደምንም ዳብሼ መጨረሻው ላይ ስደርስ ‹ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ› ይለኛል። እኔስ አላይም። አንተ የምታየው፣ እስኪ መካነ ሰላም ውስጥ የትራፊክ መብራት አይተህ ታውቃለህ?»

«ችግር የለም፣ እኔ እሞላልዎታለሁ» አልኩ።

«ዛሬ አንተ ትሞላልኛለህ። ነገስ? የምስጢር ቁጥሬን ለሰው ስነግር ነው የኖርኩት። ‹ቤቱ ቁጭ ብሎ› ስትሉ እኔም ቤት አለኝ እኮ!»

በትራቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ አቶ ይመር ሄዱ። አቶ ይመር ቅን ሰው ናቸው፤ ቅንነታቸው ነው ያስጨረሰኝ። «ከሰዓት የሠራተኛ ስብሰባ አለን። እዚያ ሁሉም ይስማው!» አሉ።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የመምህርት ስልክ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተገናኘ። ጣታቸው የድረ ገጹን አናት ነካ። ስልኩም በላቲን ፊደል የጻፍኩትን በፈረንጅ አፉ እየሰባበረ አንበለበለው፦

«ምስል... ቦርቹ ያልታዬቤት... ፋይናል ቱ!»

አፈር በላሁ! አያችሁ፣ የአቶ ይመርን ፎቶ ደጋግሜ ነበር ያነሳሁት። የተሻለው እንዳይጠፋብኝ ብዬ «ቦርጩ ያልታየበት፣ ፋይናል 2» የሚል ስም ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ሥዕሉ መግለጫ ከሌለው ስልኩ የፋይሉን ስም እንደሚያነብ በምን አውቄ!

ከኋላ አንዱ የውሸት ሳል ሳለ። አቶ ይመር የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

መምህርት ግራ ተጋብተው «ይቅርታ፣ ምኑ ነው ያልታየበት?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቦርጬ ነው፣ መምህርት።»

«አለ እንዴ?»

«አለ። እዚህኛው ፎቶ ላይ ነው የማይታየው።»

«አብሽሩ! ለእኔ በየትኛውም ላይ አይታየኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይመርም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ለመሆኑ ‹ቦርጫቸው› ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ። ቀጥለውም ሳይስቁ፦ «እስከ ዓርብ ታስተካክላለህ።»

ሥራ ተጀመረ። ፎቶ የነበረውን ማስታወቂያ ሁሉ ቁጭ ብዬ ወደ ጽሑፍ ቀየርኩት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም አወጣሁ። የትራፊክ መብራቱን አሽቀንጥሬ በስልክ መልእክት በሚላክ ቁጥር ተካሁት። መምህርት ከክፍል ሲወጡ እየመጡ ይሞክሩታል፤ «እዚህ ጋ አሁንም ዲዳ ነው» እያሉ ይመልሱኛል። አንድ ቀን «እስኪ አንተ ስክሪኑን አጥፍተህ ሙላው» አሉኝ። ሞላሁት... ስናበራው ፆታ፦ ሴት። የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት። ባለቤቴ እንዳትሰማ! ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ጨለማው ውስጥ የሚቀጥለው ቁልፍ የት እንዳለ ሲጠፋኝ ደንግጬ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት መምህርት አጠገቤ ተቀምጠው ብቻቸውን ሞሉ። እጄ ሊያግዝ እየተወራጨ ጉልበቴ መሃል ያዝኩት። ስልኩ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» አለ። ጣታቸውን መልሰው አስነበቡት። «ምዝገባዎ ተጠናቋል።» አሁንም መልሰው አስነበቡት።

«ወላሂ፣ ያለ ሰው እጅ!» አሉ። እኔም መስኮት መስኮቱን ማየት አማረኝ።

በዚህ ያለቀ መሰላችሁ? ሰኞ ጠዋት ድረ ገጹ ላይ ማንም ነክቶት በማያውቀው በአቤቱታ ክፍል አንድ መልእክት ጠበቀን፦ «ድረ ገጻችሁ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ገብቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ቢሯችሁ ውስጥ ለመግባት ግን በሩ ፊት ያለው ክፍት ቦይ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ይከደንልን። ዘምዘም።»

ለአቶ ይመር አሳየኋቸው። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ ተነፈሱ።

«መልስ ጻፍላቸው።»

«ምን ልበል?»

«በሂደት ላይ ነው በል።»

መጻፍ ጀመርኩ። በመስኮቱ ቦዩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ተወው፣ ተወው። በሂደት ላይ እያለ ለሦስተኛ ጊዜ ይወድቃሉ» አሉና ስልካቸውን አንስተው ግንበኛ ጠሩ።