ጋሽ ይግዛውና የማይዋሸው ቆጣሪ

መሥሪያ ቤት ያለ ኃላፊ ወራት ሊከርም ይችላል፤ ያለ ሁሉን አዋቂ ሾፌር ግን አንድ ቀንም አይውል። ሠርካለም ይህን የተረዳችው ከፍኖተ ሰላም ተመድባ ሰቆጣ በመጣች በሳምንቱ ነው። የክትባት ባለሙያ ናት። ሥራዋ ገጠር ለገጠር መዞር ነው፤ ለመዞር ፒክአፑ ያስፈልጋል፤ ፒክአፑ ካለ ደግሞ ሊቀ ሾፌራን ጋሽ ይግዛው አሉ።

ጋሽ ይግዛው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ሞተር ሲጠየቁ ያውቃሉ፤ ስለ ኩላሊትም ሳይጠየቁ ያውቃሉ። ክትባት በየትኛው ክንድ ቢሰጥ እንደሚሻል ለሠርካለም ያስረዷት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ከከተማው ሳይወጡ ነው። ዝናብ መቼ እንደሚጥል፣ የትኛው ሹም መቼ እንደሚነሳ ይናገራሉ። ዝናቡ ካልጣለ ጥፋቱ የዝናቡ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚኮሩት ግን በጥንቃቄያቸው ነው። «እኔ ይግዛው ዕድሜ ልኬን ከስልሳ በላይ ነድቼ አላውቅም!» ይላሉ፣ ከመሪው ፊት ያለውን የፍጥነትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ። «ሰው ይዋሻል። ቆጣሪ አይዋሽም።»

ዓምና ወደ ደሃና ወረዳ የሚወስደው ኮረኮንች ጎማ እየዘነጠለ አላስኬድ ሲላቸው፣ አለቆቹን ጨቅጭቀው ከፍ ያለ ቸርኬና ጎማ አስገዙ። ጎሚስታው አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ለዚህች መኪና አይበዛም?» ቢላቸው፣ «ጎማ ሲተልቅ መኪና ይከበራል» ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ ወዲያ ፒክአፑ ላይ መውጣት ግንብ እንደ መዝለል ሆነ። ሠርካለም ቀሚሷን በአንድ እጅ፣ የክትባት ሳጥኑን በአንድ እጅ ይዛ ስትንጠላጠል፣ ጋሽ ይግዛው ከላይ ሆነው አወጣጥ ያስተምሯታል።

ጎማው በተቀየረ በወሩ አንድ ታላቅ ግኝት አበሰሩ። ደሃና ቀርባለች።

«በቆጣሪ ነው የምናገረው! መንገድ ሠሪዎቹ ጠመዝማዛውን አቃንተውት ነው» አሉ። ሠርካለም ግን ጠመዝማዛዎቹ አንድም ሳይጎድሉ በቦታቸው እንዳሉ በሆዷ ታውቃለች።

አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ፍጥነታቸውን አየች።

«ጋሽ ይግዛው፣ ስልኬ ስልሳ ስድስት ይላል።»

«የኔስ?»

«የእርስዎ ስልሳ።»

«በይ ስልክሽን አሳክሚው።»

«ይኼ እኮ በሳተላይት ነው።»

«ሳተላይቱ ሰማይ ላይ፣ እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ። ለመኪናው ማን ይቀርባል?»

ቆጣሪው የሚያውቀው የጎማውን ዙር እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የድሮው ትንሽ ጎማ ያለ ስለሚመስለው አሳንሶ ይናገራል። «ረጅም ሰውና አጭር ሰው መቶ መቶ እርምጃ ቢራመዱ እኩል ይርቃሉ?» አለቻቸው። ጋሽ ይግዛው አሰቡ፣ አሰቡና፣ «እኔ የቀየርኩት ጎማ ነው። ቆጣሪ መች ቀየርኩ?» አሉ። ሠርካለም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ነገሩ በቀልድ ባለቀ ጥሩ ነበር። ግን ደግሰው የሚባል ወጣት የመኪናዎች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ይኼ ሰው ጠዋት ከሰላምታ በፊት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ነው። ፒክአፑ በቆጣሪው ሲታይ የሚሄደው መንገድ አንሷል፤ የሚጠጣው ናፍጣ ግን አልቀነሰም። ታዲያ ናፍጣው የት ይገባል? መልሱ በሹክሹክታ ግቢውን ዞረ፤ ጋሽ ይግዛው ናፍጣ ይሸጣሉ ተባለ። ደግሰውም እስከ ዓርብ አሳማኝ ምክንያት ካላመጡ ቁልፉን እንዲያስረክቡ ነገራቸው።

ሠርካለም አመማት። ሰውየው የመሥሪያ ቤቱን የዛገ ብሎን እንኳ ቤታቸው የማይወስዱ ናቸው። ወሬው ጆሯቸው ከገባ ወዲህ ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ምሳም ትተው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ሄዳ በሩን ከፈተች።

«ጋሽ ይግዛው፣ አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ጎማው ስለተለቀ ቆጣሪው ያሳንሳል ይበሉ፤ ያልቃል።»

«ቆጣሪዬ ዋሸ ልበል?»

«እንግዲያው ሌባ ነኝ ይበሉ!»

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ትርጉሙን አላወቀችም፤ ምርቃት እንዳልሆነ ግን ገባት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው።

ዓርብ ጠዋት ደግሰውን ራሷ ለምና ፒክአፑ ላይ ጫነችው። በወልድያ መንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ። ጋሽ ይግዛው እየነዱ፣ ከአንዱ ተነስተው አሥር ኪሎ ሜትር በድንጋዮቹ ቆጠሩ። ቆጣሪው ከዘጠኝ እምብዛም አላለፈም። ደግሰው ወርዶ ጎማውን ዞሮ አየ፤ አንገቱን ደፋ።

«ናፍጣውን የጠጣው መንገዱ ነው ለካ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ድንጋዮቹን አቀራርቦ የተከለ ሰው ነው ጥፋተኛው» አሉ ጋሽ ይግዛው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ደግሰው ቀለል ብሎት ሳቀ። «ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በስልሳ ስድስት ነው የነዱን!»

ጋሽ ይግዛው ሞተሩን አስነሱ። ስማቸውን አገኙ፤ ዕድሜ ልክ የኮሩበትን ግን በዚያው አፍታ ተቀሙ።

ደግሰውን ቢሮ አድርሰው ለክትባቱ ወደ ደሃና ወጡ። ሠርካለም ዓመት ሙሉ አንድ ዝም ያለ መንገድ ስትመኝ ኖራለች። አሁን አገኘችው። በመንገዱ ዳር ስላለው ገብስ ማንም አላስተማራትም፤ የክትባት ክንድም ነገር አልተነሳ። ወደ ቆጣሪው ሰረቅ አድርጋ ብታይ መርፌው ሃምሳ አራት ላይ ቆሟል፤ ዳገት ቢመጣ ዝቅ ይላል እንጂ ከዚያ አያልፍም፤ በድንጋዮቹ ልክ ስልሳ መሆኑ ነው። አንድም ቃል ሳይወጣቸው አምነዋል ማለት ነው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቻለችም። መኪናው ለቅሶ የሚሄድ መሰላት፤ ሰውየውን እንደምትወዳቸውም ያን ጊዜ አወቀች።

«ጋሽ ይግዛው» አለች፣ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ እያሳየች፣ «ያ ተራራ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?»

እሳቸው በጎን ገልመጥ አድርገው አዩዋት።

«በማን ይሁን? በድንጋዮቹ ነው በኔ?»

«በእርስዎ።»

ጋሽ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መልሱ ደሃና እስኪገቡ አላለቀም።