ጋሽ ገብረየስና ድምፅ የሌላቸው ፊልሞች

ዝምታ ሲያይ አላስችል የሚለው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ጸጥታ ሲያገኝ አረፍ ይላል፤ እሱ ግን ጸጥታን እንደ ተራበ እንግዳ ቆጥሮ የሚያቀርብለት ይፈልጋል። በአዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ይህን ከፍተኛ ሹመት ይዘው የኖሩት ጡረተኛው የጦር ሠራዊት አኮርዲዮን ተጫዋች፣ ጋሽ ገብረየስ ነበሩ።

የጤና ጣቢያ ነርሷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታቢታ ከዓይኗ ይልቅ በጆሮዋ ታውቃቸዋለች። ዶሮ ስታስካካ በአኮርዲዮን ይመልሱላታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ መስኮት ከፍተው ያጅባሉ፤ ባልየው ሲጮህ እሳቸውም ይጮኻሉ፣ ሚስትየዋ ስታለቅስ ወደ ትዝታ ይወርዳሉ። አንዴ ተጣዮቹ ሳቅ አሸንፏቸው ጠቡን ትተውታል። ምነው ጋሼ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ልርዳቸው ብዬ ነዋ።" ተረኛ ሆና አድራ ቀን ለምትተኛው ለታቢታ እንዲህ ያለው እርዳታ ቢቀርባት ይሻላት ነበር። ብዙ ጊዜ ነግራቸዋለች። በትሕትና ሰምተው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ለይቅርታውም ዜማ ያበጁለታል።

ነገሩ መንግሥታዊ የሆነው ቀበሌው የፊልም ማሳያ ሲያገኝ ነው። ከሶሻሊስት ወዳጆች የመጡት ፊልሞች የጥንት ስለሆኑ ድምፅ አልነበራቸውም። ሕዝቡ እያዛጋ ሲወጣ ያየው ሊቀመንበሩ ጓድ ታምሩ ጋሽ ገብረየስን አስጠራ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ይል ጀመር። ሸራው ላይ ወፍራሙ የመሬት ከበርቴ ሲሮጥ አኮርዲዮኑ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ሁለት ወጣቶች ሲተያዩ ሠርግ ይደገሳል። አስቀድመው አይለማመዱም፤ ፊልሙን የሚያዩት ከሕዝቡ ጋር ነው። እናም አንዴ ሙሽራ መስሏቸው በሠርግ ዜማ የተቀበሉት ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተገኘ።

ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና በተጠሩበት ዓመት የታቢታ ልጅ ማቴዎስም ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ወሬውም ጠፋ። ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የምትጸልየው እቤቷ፣ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ ነው። አንድ ቅዳሜ ሐሳቧን ለመርሳት ብላ ፊልም ገባች።

ፊልሙ ደግሞ የዘማቾች ሆነ። ታምሩ ማርሽ ብቻ እንዲጫወቱ አስጠንቅቋቸዋል። ወታደሮቹ ባቡር ሲሳፈሩ ማርሹ አዳራሹን አናወጠው። ከዚያ አንዲት አሮጊት ባቡሩን ተከትላ መሮጥ ጀመረች። ማርሹ ረገበ፤ ቀስ እያለ ሌላ ዜማ ሆነ። ታቢታ ደነገጠች። የታሸገው ቤተ ክርስቲያኗ መዝሙር ነው፤ ዕቃ ስታጥብ ከንፈሯን ገጥማ የምታዜመው። እኚህ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ከየት አመጡት? ከኋላዋ ሴቶች አፋቸውን ሳይከፍቱ ማንጎራጎር ጀመሩ። እሷም አልቻለችም፤ ተከተለቻቸው።

ታምሩ ብድግ አለ። "ጓድ ገብረየስ፣ ይሄ ማርሽ ነው?"

"ማርሹ የልጁ ነበር" አሉ ጣታቸውን ሳያነሡ። "ይሄ የእናትየዋ ነው።"

ታምሩም ያደገው በዚያው መዝሙር ነው። ሸራው ላይ የምትሮጠውን አሮጊት አየና ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታቢታ አጠገባቸው ሄደች። መዝሙሩን የት እንደተማሩት ስትጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

"የእኔ ወደ አንቺ ሲያልፍ፣ ያንቺ በግድግዳው ወደ እኔ የማያልፍ መስሎሽ ነው?"

ታቢታ እንባዋን ጠረገችና እንደ ልማዷ ኮስተር አለች። "አዝማቹን ተሳስተዋል። ነገ ከምሳ በኋላ ይምጡ፣ ላስተካክልዎ።"

እሁድ ከረባታቸውን አስረው መጡ። ታቢታ በሩን ዘጋች። እሳቸው አኮርዲዮኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያጮኹት፣ እሷ በእሱ ጥላ ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከታሸገ ወዲህ ያልከፈተችውን አፏን ከፍታ፣ የማቴዎስን ስም እየጠራች ዘመረች። በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ አብዮት ጥበቃዎች ቆም ብለው አዳመጡ።

"እኚህ ሰውዬ ደግሞ እሁድንም አያርፉም" አለ አንደኛው፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።