ሊቀ ማጫወቻና የሠላሳ ሰከንዷ ዘፈን

ሦስት ኮምፒዩተርና አንድ የጋራ ጠረጴዛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሊቀ ማጫወቻ አያጣም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው። ራሱን የሾመው ግን ለአንድ ትልቅ ጥያቄ ነው፦ ሌላውን ሥራ ሳያንቀራፍፍ ዘፈን የሚያጫውት ፕሮግራም የትኛው ነው? መልሱ የተገኘ ዕለት ሹመቱ ስለሚያበቃ፣ መልሱ ተገኝቶ አያውቅም።

የእኛው ሊቅ የሚሠሩት እኔ አራሚ በሆንኩበት ማተሚያ ቤት ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት ቢያንሱኝም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ማዕረጉ ያስገድዳል። የሥራ መደባቸው ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡትን ጽሑፍና ሥዕል ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነው። በዚያው ፍላሽ ሌላም ሌላም ነገር ይገባል። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ የፈተና ወረቀት ስለሚያትም፣ ስልካችንን ጠዋት ጠዋት ለዘበኛው አስረክበን ነው የምንገባው። ስለዚህ በክፍላችን ዘፈን የሚሰማው ከኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ሊቁም ያለ ተቀናቃኝ ነግሠው ኖረዋል።

አዲስ ማጫወቻ ባዩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ከሚሞሪው ስንት ሜጋ ይበላል?" መመሪያቸውም አንድ ነው፦ "ዘፈን እንግዳ ነው። እንግዳ የባለቤቱን ወንበር አይቀማም።" አዲሷ የሒሳብ ሠራተኛ በገባች ዕለት እንኳን ደህና መጣሽ ሳይሏት "በምንድን ነው የምታዳምጪው?" አሏት። የማጫወቻዋን ስም ስትነግራቸው መርዶ እንደሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምነው?" አለች ልጅቷ ደንግጣ።

"ምንም። ሥዕሉ ብቻ አርባ ሜጋ ነው።"

"የምን ሥዕል?"

"ዘፈኑ ሲሄድ ከሥር የሚጨፍረው መስመር። እስቲ አሁን ለጆሮ ሥዕል ምን ያደርግለታል?"

አፈታተናቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የገጽ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም ይከፍታሉ፤ በላዩ አንድ ግዙፍ ፎቶግራፍ፣ በላዩ መዝገበ ቃላት፣ በላዩ ሒሳብ ማስያ ይደርባሉ። ማሽኗ ማቃሰት ስትጀምር ዘፈኑን ይለቃሉ። ዘፈኑ ሁልጊዜ ያው ነው፦ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ "ነይ፣ ነይ" እያለ አንዲትን ሴት ይጠራል። ሊቁ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ልክ ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ጠቅ! ሰውዬው ከነልመናው ይቆረጣል። ከዚያ የበላውን ሜጋ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ምስኪን ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ለምኖ አያውቅም።

"እስቲ አንድ ቀን እንኳ አስጨርሰን!" ትላለች እትዬ ገጽ።

"እትዬ፣ መጨረሻውም የሚበላው ያንኑ ነው። ሰምተነው ምን እናተርፋለን?"

እትዬ ገጽ የክፍላችን ታላቅ፣ የገጽ አቀናባሪያችን ናት። አንቺ የምንላት ራሷ ስላዘዘችን ነው፤ አንቱ ያላትን ሰው ሥራ ከሰልፉ መጨረሻ ታስቀምጣለች። እጇ የሚሠራው በዘፈን ነው። ዘፈን ከሌለ የገጽ አርባ ሥዕል ገጽ አርባ አንድ ላይ ያርፋል፤ ስሕተቱን አርሜ የምመልሰው እኔ ስለሆንኩ በዐይኔ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን አንድም ቀን አላመነም። "ይሄ ማተሚያ ቤት ነው ጭፈራ ቤት?" እያለ ነው የሚገባው፤ እንደዚያው እያለ ነው የሚወጣው።

ነገሩ የከረረው የጂኦሜትሪው መጽሐፍ ሲመጣ ነው። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ፣ ሁሉም ሦስት ማዕዘን፤ ዓርብ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ወደ ማተሚያው መውረድ አለበት። ሰኞ ዕለት የእትዬ ገጽ ማሽን ሁለት ጊዜ ስታክ አድርጎ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በላይዋ ቆመ።

"እትዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢቆምብኝ ስፒከሯን ነቅዬ ነው የምሄደው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ክፍል ዘፈን የሚባል ነገር የለም።"

እትዬ ገጽ በፕላስተር የተጠገነችውን ትንሿን ስፒከር ወደ ራሷ አስጠግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ሊቁ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"እትዬ፣ ለእኔ ተይው። እስከ ዓርብ ድረስ ስትሠራ መኖሯ እንኳ የማይታወቅ ማጫወቻ አገኝልሻለሁ።"

በዚያ ሳምንት ምሳ አልበሉም። እኛ ስንወጣ በእትዬ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ስንመለስ ደብተራቸው አንድ ገጽ ገልብጧል። ማክሰኞ "ተቃርቤአለሁ" አሉ። ረቡዕ "ይቺ ላባ ናት!" ብለው ጮኹ። ሐሙስ በቆዘመ ድምፅ "ትናንት ላባ ያልኳት ድንጋይ ሆና ተገኘች" አሉን። ማሽኗም ከቀን ወደ ቀን እየተጎተተች ሄደች፤ ሊቁ ይህንን የጂኦሜትሪ ጥፋት አደረጉት። "ሦስት ማዕዘን ከባድ ነው" አሉ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ገጽ ሁለት መቶ ዘጠናኛው ገጽ ደርሳለች። ሊቁ በጎን ብቅ አሉ። "የመጨረሻዋ ፈተና ናት፤ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ" ብለው ዘፈኑን ለቀቁት።

ሠላሳ ሰከንዱ አልሞላም። የማሽኗ መስኮት ባለበት ደረቀ። በመሣል ላይ የነበረው ሦስት ማዕዘን በሁለት ጎኑ ቀረ። ስፒከሯ ግን አልዘጋችም፤ "ነይ-ነይ-ነይ-ነይ-ነይ" እያለች አንዱን ቃል ትወቅጠው ጀመር። በሩ ተከፈተ።

"ማንን ነው የምትጠሩት?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "እኔን ከሆነ መጥቻለሁ።" ጎንበስ ብሎ የስፒከሯን ገመድ ያዘ።

ሊቁ በመካከላቸው ተሹለክልከው ቁልፎቹን መቱና፣ በዚያች ሰዓት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አራሚ ነኝና የተደጋገመ ነገር ያለ ፍላጎቴ ይታየኛል። ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አራት ማጫወቻ። ሊቁ ለማነጻጸር የጫኗቸው፣ መስኮታቸውን ዘግተው የሄዱ የመሰሏቸው፣ ጠዋት ማሽኗ ስትነሣ አብረዋት የሚነሡ ዐሥራ አራት እንግዶች። ዐሥራ አምስተኛዋ ያቺ "ነይ-ነይ" የምትለው ናት። እያንዳንዷ ላባ ሳትሆን አትቀርም፤ ግን ላባም በጆንያ ሲሆን ወገብ ይሰብራል።

ዝርዝሩ ለሥራ አስኪያጁ ምንም አይነግረውም። ሊቁ "ማሽኑ አርጅቷል" ቢሉት ይበቃ ነበር፤ እኔ ራሴ ልመሰክርላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

"ገመዱን ልቀቀው" አሉ። "ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም። የማሽኑም አይደለም። የእኔ ነው።"

አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወውና ልጁ ልበለው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "ተሳሳትኩ" ሲል ያልሰማሁት ሰው ይህን ሲል፣ ማዕረጉ ለቀልድ እንኳ አልመች አለኝ።

"ምን አደረግክ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ቀላሉን ስፈልግ የሞከርኳቸውን ሁሉ አላራገፍኩም። ዐሥራ አራት ናቸው።"

"ዐሥራ አራት ምን?"

"ማጫወቻ።"

ሥራ አስኪያጁ አየው፣ አየውና "ስንት ጆሮ ነው ያለህ?" አለ።

"ሲያጌጡ ይመላለጡ" አለች እትዬ ገጽ፤ ዐይኗ ግን ከገመዱ አልተነቀለም።

ልጁ ተቀምጦ ዐሥራ አምስቱንም አንድ በአንድ አራገፋቸው፤ የእያንዳንዷን ስም በሹክሹክታ እየጠራ። መጨረሻ ላይ የቀረችው ከማሽኗ ጋር አብራ የመጣችው፣ "አመድ ለባሿ" እያለ ሲንቃት የኖረው ናት። ማሽኗ ተነፈሰች፤ ሥራ አስኪያጁም ገመዱን ለቀቀ። እትዬ ማሽኗ ስትደርቅ ሁለት ገጽ ስለጠፋባት ከሁለት መቶ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ቀጥላ፣ መጽሐፉን ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ አወረደችው። ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ መጣ።

"ዘፈኑ ይቀጥል። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ የእትዬን ማሽን አትነካም።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሄደ፤ የሚያስጠላም ነበር። ልጁ ፍላሽ ይቀበላል፣ ፋይሉን ያስገባል፣ ይቀመጣል። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። በሒሳብ ሠራተኛዋ ማጫወቻ ላይ ያ መስመር ሲጨፍር እያየ፣ አጠገቧ አልፎ ሄደ፤ ምንም አላላትም። ልጅቷ ቅር አላት።

"ቤቱ ቀዘቀዘ" አለችኝ እትዬ ገጽ። "የአንተ ማሽን መቼም አልተከለከለም።"

ማሽኔ ደኅና ነው። ከመዝገበ ቃላትና ከአንድ ጽሑፍ በቀር የጫንኩበት የለም። ወደ ልጁ ዞር ብዬ ዋሸሁ።

"ስማ፣ ይቺ ማሽኔ ሰሞኑን ከብዷታል መሰለኝ።"

 ቀና ሳይል "ምን እያጫወትክባት ነው?" አለ። ወንበሩን ግን እየጎተተ ነበር።

ያቺኑ ዘፈን ለቀቃት። ሰዓቱን አየ። ሠላሳ ሊሞላ ጣቱ ሲነሣ እጁን ያዝኩት።

"ቆይ፤ የሚከብዳት ወደ መጨረሻው ነው።"

ገላምጦ አየኝ። ውሸቴን አውቆብኛል። ነገር ግን ያልተፈተነ ነገር ትቶ መሄድ አይሆንለትም። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ይለምናል። እትዬ ገጽ እጇን ከማውሱ አነሣች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ቆመና የሴት ድምፅ ገባ።

"መጣች!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። "እትዬ፣ ሰምተሻል? ትመጣለች እኮ!"

"ታዲያ ሰባት ዓመት ምን ስልህ ኖርኩ?"

መሳቢያውን ከፍቶ ደብተሩን አወጣ። "አራት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ" ብሎ ጻፈ፤ ዘፈኑንም እንደገና ከመጀመሪያው ለቀቀው። የሜጋውን ቦታ ግን ባዶ ተወው።