የጠገራ ብሯ ጉንጭ

ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀመጠውን ማለቴ አይደለም። ደመወዝ እያለው፣ መኪና እያለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ገበያ በማድረስ ፈንታ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፎ የሞተ ንጉሥ አፍንጫ ሲመረምር የሚውለውን ማለቴ ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ሳኒቬል ውስጥ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ስሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ባሳየኝ አንዲት አሮጌ ሳንቲም ተለከፍኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልዳንኩም። ባለቤቴ «ሰው አሜሪካ መጥቶ ዶላር ይሰበስባል፣ የእኔው ጉድ ዝርዝር ይለቅማል» ትላለች። ልክ ናት።

የያዘኝ ግን ብረቱ ብቻ አይደለም፤ አነጋገራቸውም ነው። ሰብሳቢዎች ስለ ሳንቲም ሲያወሩ ብትሰሟቸው ስለ ሰው የሚያሙ ይመስላችኋል። ሳንቲም ፊት አለው፤ ጀርባም አለው። ምስልም ጽሑፍም ያላረፈበት ባዶ ቦታው «ሜዳ» ይባላል። ከተቀረጸበት ቤት ወጥቶ የገበያ እጅ ሳይነካው የኖረ እንደሆነ «አንሰርኩሌትድ» ነው፤ ከመቀነት ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ሱቅ መሳቢያ ሲንከራተት የኖረው ደግሞ «ሰርኩሌትድ»። ደረጃ አሰጣጣቸውን ብትሰሙማ ትገረማላችሁ። «ጉድ» የተባለ ሳንቲም ጥሩ እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ተልጦ ተልጦ፣ ዓይንና አፍንጫው ጠፍቶ፣ ሰው መሆኑ ብቻ የሚታወቀው ነው «ጉድ» የሚባለው። ይህን የሰማሁ ቀን የእኛ ሰው ትዝ አለኝ። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ስታገኙት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚላችሁ ሰው በእነሱ ሚዛን «ጉድ» ነው ማለት ነው።

ጠገራ ብርን ታውቋታላችሁ። ደረቷ ሞላ ያለ፣ ሻሽ ያጠለቀች ፈረንጅ ንግሥት ፊቷ ላይ፣ ባለ ሁለት ራስ ንስር ጀርባዋ ላይ። በየትኛውም ዘመን ትቀረጽ፣ የሚጻፍባት ዓመት አንድ ነው፤ ሴትዮዋ የሞተችበት ዓመት። እንዲህ ዓይነቱን «ሪስትራይክ» ይሉታል። ዕድሜዋ በጽሑፍ ሌላ፣ በአካል ሌላ። ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወልደናል ብለን ፎርም ሞልተን የገባን ሰዎች በዚህች ብር ላይ ባንስቅ ይሻለናል።

ከስድባቸው ሁሉ የከፋው ግን «ክሊንድ» ነው። ታጥቧል፣ ተወልውሏል ማለት ነው። ብር ሲቆይ እንደ ኑሮው ይጠቁራል፣ ይወይባል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ይሆናል። «ቶኒንግ» ይሉታል። ለሰብሳቢ ይህ ቀለም እድፍ አይደለም፤ ሳንቲሙ የት እንደኖረ የሚናገረው እሱ ነው። ወልውሎ ያጠፋውን ሰው የሚያዩት መቃብር የቆፈረ ያህል ነው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እትዬ አስካለ ኦክላንድ ይኖራሉ። ታናሽ እህታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ ሳን ሆዜ። በመካከላቸው አንድ አውራ ጎዳና ብቻ አለ፤ ይሁንና ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። ምክንያቱም ጠገራ ብር ነው። እናታቸው ሁለት ጠገራ ነበራቸው። ለሁለቱ ልጆቻቸው አስበው ሁለቱንም ማንጠልጠያ አስበየዱላቸው፤ አንዱን ግን በጥቁር ክር ከቀሚሳቸው ስር አንገታቸው ላይ አድርገው ኖሩ፣ ሌላው ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እናትየው ሲያርፉ ንብረቱን ወደዚህ ያመጣው ዘመድ ሁለቱን ጠገራ በአንድ መሃረብ ቋጥሮ መጣና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ አደለ። ከእናታቸው ደረት የወረደው የትኛው እንደሆነ አልጠየቀም፤ ወንድ አይደል!

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ አስካለ «የእማዬ አንገት የነበረው የእኔው ነው» ይላሉ። እትዬ ዘነበችም «የእኔው ነው» ይላሉ። በዋጋ አይደለም፤ ዋጋቸው ያው ነው። አንደኛው የእናት ገላ የነካው፣ ሌላኛው የሳጥን እንጨት የነካው መሆኑ ነው ነገሩ። አንዷ የሄደችበት ለቅሶ ሌላዋ መድረስ ተወች። ፓስተሩ ሞከሩ፣ ሽማግሌዎች ሞከሩ፣ አልሆነም። እኔ በበኩሌ በሰው ጸብ ጥልቅ ማለት አልወድም፤ ከሳንቲም በቀር ነገር መቆስቆስ ልማዴ አይደለም።

አንድ ቀን የእትዬ ዘነበች ልጅ ሄለን ደወለችልኝ። ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ ነገርን በአጭሩ የምትናገር ልጅ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፤ ዌዲንጌ ደርሷል። አክስቴን ኢንቫይት ሳደርጋት ‹እናትሽ የእናቴ ብር እኔ ዘንድ መሆኑን ትመን፣ ያን ቀን እመጣለሁ› አለችኝ። ማሚ ደግሞ ‹ሞቼ ነው የማምነው› ትላለች። አክስቴ ከሌለች እኔ ዌዲንግ የለኝም፣ አይ ሚን ኢት። እርስዎ ስለ ኮይን ያውቃሉ አይደል? ቼክ ያድርጉልኝና ይለቅ።»

እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የገረመኝ ነገር፣ መልሱ በእርግጥ ሊገኝ የሚችል መሆኑ ነው! ገላ ላይ የኖረ ብርና ሳጥን ውስጥ የኖረ ብር ቀለማቸው አንድ አይሆንም። ላብ ያጠቆረው ሌላ፣ እንጨት ያጠቆረው ሌላ። ሽማግሌ ያቃተውን ቶኒንግ ሊፈታው ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ኮራሁ መሰለኝ።

ለሁለቱም እየደወልኩ ብሩን እንዳለ ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። የት እንገናኝ የሚለው ራሱ ሌላ ጦርነት ነበር። ኦክላንድ ከሆነ ዘነበች ተሸነፉ ማለት ነው፤ ሳን ሆዜ ከሆነ አስካለ። በመጨረሻ ከሁለቱም መካከል ላይ ያለችው ፍሪሞንት ተመረጠች። እዚያ ሚስተር ግለን የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ አንዲት ጠባብ የሳንቲም ሱቅ አለችው። ያኔ ባቡሩም የሚያበቃው እዚያው ነበርና እትዬ አስካለን ከጣቢያ ተቀበልኳቸው። እትዬ ዘነበችን ሄለን በመኪናዋ አመጣቻቸው። እህትማማቾቹ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዷ የግድግዳውን ሰዓት፣ ሌላዋ በሩን ያያሉ። ሰላምታ የለም።

ሁለቱም ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነበር ያመጡት። ፈቱና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሱቁ በራ። እውነቴን ነው፤ ሁለቱ ጠገራዎች እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያበራሉ። ጥቁረት የለም፣ መወየብ የለም፣ ምንም የለም። ሚስተር ግለን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። እኔ እየተረጎምኩ ነው።

ሁለቱንም ጥያቄው ገረማቸው። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው «እና የእናቴን ብር እንዳደፈ ላምጣው? ሰው ፊት?» አሉ። የእትዬ ዘነበችም ፊት ያንኑ ይል ነበር። የእኛ ሰው እንግዳ ሲመጣ ቤቱን፣ ሐኪም ጋ ሲሄድ ገላውን፣ ምስክር ሊቀርብ ሲል ደግሞ ጫማውን ያጸዳል። ማስረጃውን ለምን ያስቀራል? «እንዳለ አምጡት» ማለቴ በእነሱ ጆሮ «ሳትሸጡት ሳትለውጡት» ማለት ነበር።

ሚስተር ግለን ቀስ ብሎ አስረዳ። ሁለቱም ወደ እናትየው ከመምጣታቸው በፊት ገበያ የዞሩ ናቸውና ፊታቸው መላጡ አይለያቸውም። የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ጠፍቷል። ከእንግዲህ የትኛው ከደረት፣ የትኛው ከሳጥን እንደወጣ ማንም፣ በየትኛውም መሣሪያ ሊናገር አይችልም። ይህን ስተረጉም ሄለን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከሆስፒታል የሚጠራት ቢፐሯ ጮኸ፤ አላየችውም። እኔም በቶኒንግ መኩራራቴን ውሃ በላው።

ሽማግሌው ግን ልማድ ነውና አጉሊ መነጽሩን አንስቶ አንደኛውን አየ። ቀጥሎ ሌላውን። ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«እነዚህን ያጸዳቸው አንድ ሰው ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «እኚህ ኦክላንድ፣ እኚያ ሳን ሆዜ። ከተነጋገሩም ዓመታት አልፈዋል።»

መነጽሩን ሰጠኝ። ብር ሲታሽ ከጸጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይቀሩበታል፤ «ሄርላይንስ» ይባላሉ፣ ለሰብሳቢ ጥፋት ናቸው። አየሁ። በእትዬ አስካለ ብር ላይ ጭረቶቹ ከንግሥቲቱ ግንባር ይነሳሉ፣ ጉንጯን ይዘው ይወርዳሉ፣ አገጯ ስር ይዞራሉ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ሽቅብ ይመለሳሉ። በእትዬ ዘነበች ብር ላይ ሳሱ እንጂ መንገዳቸው ያው ነው። ከግንባር፣ በጉንጭ፣ በአገጭ ስር፣ ወደ ጆሮ። ብዙ ብርቅ ሳንቲም በእጄ አልፏል፤ እንደዚያን ቀን ግን ዓይኔን ከመነጽር መንቀል አቅቶኝ አያውቅም። እነዚያ መስመሮች የማን እጅ እንደሆኑ ገና አላወቅሁም፤ የአንድ ሰው እጅ መሆናቸውን ግን እምል ነበር።

«እንዴት አድርገው ነው ያጸዱት?» ብዬ ሁለቱንም ጠየቅኋቸው።

ሁለቱም ሳይተያዩ፣ እኩል፣ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አነሱና አየር ላይ አሳዩኝ። ከላይ ወደ ታች፣ ዞሮ፣ ሽቅብ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሄለን። የራሷን ጉንጭ ያዘች። «ማሚ፣ እኔን ስኩል በር ላይ እንደዚህ ነበር የምትጠርጊኝ። ኤምባረስ እስክሆን ድረስ።»

እትዬ ዘነበች ጣታቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። «እማዬ ናታ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ከቤት ልንወጣ ስንል ደጃፍ ላይ አቁማን፣ ጣቷን በምራቋ እርጥብ አድርጋ... መጀመሪያ አንቺን፣ ከዚያ እኔን። አይደል እቴቴ?»

እቴቴ! ቃሏ ሳይታወቃቸው ነው ያመለጠቻቸው። እትዬ አስካለ ዞሩ። ለዓመታት ያላዩትን ፊት ትክ ብለው አዩት፤ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። አሁን ያለቅሳሉ ስል ጠበቅኩ።

«በምንድን ነው ያሸሽው?» አሉ።

«በጥርስ ሳሙና።»

«በጥርስ ሳሙና? የእናታችንን ብር?»

«አንቺስ?»

«በአመድና በሎሚ ነዋ!»

«አሜሪካ አመድ ከየት አመጣሽ?»

«ከጎረቤቴ ባርቤኪው።»

እትዬ ዘነበች ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እትዬ አስካለም ተከተሉ። ተቃቀፉ። ሚስተር ግለን ምን እንደተባለ እንድተረጉምለት ለመነኝ፤ እኔም «የጥርስ ሳሙናና አመድ» ብቻ አልኩት።

ከሱቁ ስንወጣ ሽማግሌው እያንዳንዱን ጠገራ በትንሽ ካርቶን ከተተና እንደ ሙያው በእርሳስ አንዳንድ ቃል ጻፈበት። «ምን ብሎ ነው?» አሉኝ እትዬ አስካለ። አየሁት። ያችው የፈራኋት ስድብ ናት። እኔ ደግሞ ትርጉም ላይ አላጭበረብርም።

«‹ጸድቷል› ይላል» አልኳቸው።

«አየሽ» አሉ እህታቸውን፣ ቀና ብለው። «ፈረንጁም መሰከረልን።»

የትኛው ብር ከእናትየው ደረት እንደወረደ ዛሬም አልታወቀም። ሁለቱም «የእኔው ነው» ማለታቸውን አልተዉም፤ ልዩነቱ፣ አሁን የሚሉት እርስ በርሳቸው በስልክ መሆኑ ነው፤ የኦክላንድና የሳን ሆዜ መስመር ተይዟል ከተባላችሁ እነሱ ናቸው።

ሠርጉ ሳንታ ክላራ አንድ አዳራሽ ተደረገ። ሁለቱም ጠገራቸውን ከቀሚሳቸው በላይ አንጠልጥለው መጡ፤ መብራት ባረፈበት ቁጥር ያብለጨልጫል፤ እኔም የታጠበ ብር እያየሁ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሄለን ልትገባ በሩ ላይ ቆማ ሳለ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናትና አክስት ተያዩ። ከግራና ከቀኝ ቀረቡ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው እርጥብ አደረጉ፣ ከግንባሯ ጀምረው በየጉንጯ አወረዱ፣ በአገጯ ስር አዞሩ፣ ወደ ጆሮዋ ሽቅብ መለሱ። ሄለን ዓይኗን ጨፍና ቆመች፤ አላፈረችም።

ጠዋቱን ሙሉ ሄለንን ሜካፕ ስትቀባ የዋለችው ልጅ ግን ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፤ ልክ እንደ ሚስተር ግለን።