ተተኪ ፈልጉ

ስለ ተተኪ አብዝቶ የሚያወራ ሰው ወንበር የሚለቅ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። አዳማ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ጋሽ ተስፋዬ በየስብሰባው «ደከመኝ፣ ተተኪ ፈልጉ» ይሉን ነበር። እኛም እንደ ወጉ «እርስዎ እያሉማ!» ብለን እንለምናቸዋለን። አንዴ ከሞጆ የመጣ አዲስ አባል ከልባቸው መስሎት «እሺ፣ ይረፉ» ቢላቸው ሰላምታ ነፈጉት።

ዘንድሮ ጋሽ ተስፋዬ ሞቱ። ለቀስተኛው በፀሐይ ሲቀቀል ድንኳን ልናወጣ ብንሮጥ መጋዘኑ ተቆልፏል። መክፈቻው አንድ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰብረን ገባን።

አዲሱ ሊቀመንበር ጋሽ ገመቹ በሳምንቱ ጓጉንቸር ገዙ።

«ትርፉን መክፈቻ ለእኛ ቢሰጡንስ?» አልኳቸው።

ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «እኔ እያለሁ ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ።