የኮምቦልቻው ሐጂ

ድሮ ሰው መንገድ ወጥቶ ሲመለስ ያየውን የሚያሳየን በአፉ ነበር። የተሻገረው ጅረት ባሕር ይሆናል፤ ያባረረው ውሻ ጅብ፣ ጅቡም ትንሽ ቆይቶ አንበሳ ይሆናል። ማጋነን የእኛ የሽማግሌዎች ሙያ ነበር ማለቴ ነው። አሁን ስልክ መጥቶ እንጀራችንን ነጠቀን። ሰዉ አንድ ሌሊት ባደረበት ሆቴል ፎቶውን እየለቀቀ ዓመት ይኖርበታል። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለውም ጎረቤት ከግድግዳ ማዶ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ጎረቤት በኪስ ውስጥ ይዞራል። ለመፍረድ አይደለም። እኔንም ከማዕረጌ በላይ የሰቀለኝ ያው ስልክ ነው።

ልጄ ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት። ዘንድሮ «እኛም እንደ ሰው ወጣ ብለን እንዝናና» አለች። ሐዋሳ ተብሎ ተጀመረ። አቅም ሲጠየቅ ባሕር ዳር ተባለ። አቅም እንደገና ሲጠየቅ ኮምቦልቻ ላይ አረፈ። ከደሴ ኮምቦልቻ እኮ ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ አይሞላም። እሷ አፈረች፤ እኔ ደስ አለኝ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ከደረበ ሻይ ከብርጭቆ ተነስቶ አፍ እስኪደርስ በረዶ ይሆናል፣ የእኔ ጉልበት ሲንቋቋ ደግሞ ከከተማው ማዶ ገራዶ ድረስ ይሰማል። ለእንዲህ ያለ ጉልበት ከኮምቦልቻ ፀሐይ የበለጠ ሐዋሳ የለም።

ጎረቤቶቻችን «ወዴት ነው?» ሲሉን ከድጃ «አንድ ቦታ ደርሰን እንመጣለን» ብላ ሸፋፈነችው። መዘዙ ከዚህ ይጀምራል።

ኮምቦልቻ እንደደረስን ሙቀቱ እንዲቀለኝ ራሴን ተላጨሁ። ከዚያ ሆቴሉ መዋኛ ውስጥ እንደ ጎሽ ተዘፈዘፍኩ። ስወጣ ሁለት ነጭ ፎጣ ሰጡኝ፤ አንዱን አሸረጥኩ፣ ሌላውን በግራ ትከሻዬ ጣል አድርጌ ቀኙን ለፀሐይዋ ተውኩላት። ጉልበቴ ጸጥ ብሏል። እጆቼን ዘርግቼ አላህን ሳመሰግን ከድጃ ፎቶ አነሳችኝና ለቀቀችው። ኮምቦልቻ ብላ መጻፉ አሳፍሯት «አልሐምዱሊላህ፣ አባቴ ደረሰለት» አለች፣ በቃ። «የት ነው?» የሚላት እንዳይመጣ ደግሞ ስልኳን ዘጋችው።

እስቲ እናንተው በደሴ ሰው ዓይን እዩት። የተላጨ ራስ፣ ሁለት ነጭ ጨርቅ፣ የተራቆተ ቀኝ ትከሻ፣ ለዱዓ የተዘረጋ እጅ፤ ቁርጥ መካ የደረሰ ሐጂ። መካን ማየት የዕድሜ ልክ ምኞቴ እንደሆነ የማያውቅ ደግሞ በሰፈሩ የለም። ዘመኔን ሙሉ ሳወራ ያመነኝ አልነበረም፤ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አገሩ አመነኝ።

ስንመለስ ባጃጃችን ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ስትደርስ ደጃችን ላይ ሸራ ተወጥሯል። ሸራ ለሞት ወይም ለሰርግ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ የሚዳር የለም። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሐጂ ሰይድ» ብሎ አንዱ ጎረምሳ እጄን ሳመኝ።

በግም ታርዷል። በጉን የገዛው ተስፋዬ ነው፤ ክርስቲያኑ የግድግዳ ጎረቤቴ። ለእኛ ሲል በሙስሊም እጅ አሳርዶታል፤ ስለዚህ እሱ ከሥጋው አይቀምስም። የራሱን ሽሮ በሳህን ይዞ ከዳር ተቀምጧል። የማይበላውን በግ ለእኔ ደስታ ገዛ።

ዓይናቸው የደከመው እሜቴ ፋጡማ በዳበሳ መጥተው እጄን ያዙ።

«አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ሳትለን ሐጅ ሄድክ። ግድ የለም፣ አፉ ብለንሃል። ለዓይኔ ዱዓ አደረግህልኝ ወይ?»

ከድጃ መሬት መሬቱን ታያለች። እውነቱን ብናገር ልጄ በጎረቤት ፊት ቀጣፊ ልትባል ነው። ዝም ብል የተስፋዬን በግ በመካ ስም ልበላ፣ እኒህንም ሴት ላታልል ነው። ጅብን አንበሳ ማድረግ አንድ ነገር ነው። ይሄ ሌላ ነው።

«እሜቴ» አልኩ፣ «ወላሂ ከኮምቦልቻ አላለፍኩም። የለበስኩት የሆቴል ፎጣ ነው። ልጄም አልዋሸችም፣ ደረሰለት ያለችው ለጉልበቴ የደረሰለትን ፀሐይ ነው።»

ተስፋዬ ሽሮውን መሬት አስቀመጠ።

«አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያ ቁልቁለቱን ጨርሰሃል። የቀረህ ሽቅቡ ነው» ብሎ በጣቱ ሰማዩን አሳየኝ። «በጉ እንደሆነ ኮምቦልቻ ነበርኩ ስላልከው አይነሳልህም። ቁጭ በል።»

ሳቁ ሸራውን ሊገነጥለው ምንም አልቀረው። ያልሳቁት እሜቴ ፋጡማ ብቻ ናቸው። እጄን ሳይለቁ ሌላውን እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «ያ ረቢ፣ በስህተት የተቀበልነውን በእውነት አስቀብለን» አሉ። ከሁሉ ጎልቶ አሚን ያለው ተስፋዬ ነበር።

ከድጃ ስልኳን ከፈተች። ሸራውን፣ ሰዉን፣ የተስፋዬን ሽሮ አንስታ ለቀቀችው። የአዲስ አበባ ጓደኛዋ ወዲያው «ደስ ሲል፤ የት ያለ ሆቴል ነው?» ብላ ጻፈችላት።

«ምን ልበላት፣ አባ?»

«ቧንቧ ውሃ ነው በያት» አልኳት። «ግን አልጋ የለም፣ ሞልቷል።»